የደርና ግድቦች ለምን ፈረሱ? ጉዳዩስ ድሬዳዋን ለምን ይመለከታል?

ክረምት ሲቃረብ ድሬዳዋ ውስጥ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «የደቻቱን ወንዝ ከላይ ገድበን ብንይዘው አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ከተራራ የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ሺዎችን ከቤት ንብረታቸው አፈናቅሏል። ያንን ሌሊት ያየ ሰው «አንድ ነገር ይሠራ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

በሌላ በኩል የደርና ታሪክ አለ። በጳጉሜን 2015፣ ለእንቁጣጣሽ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የሊቢያዋ ደርና በአንድ ሌሊት ሩብ ያህሏን አጣች። ለዚህ ያበቃት ከጎርፍ እንዲጠብቋት የተሠሩት ሁለት ግድቦች መፍረሳቸው ነው። ስለዚህ አንዱ «ግድብ ያድነናል» ሲል ሌላው «ግድብ ይጨርሰናል» ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ግን ሁለቱም ታሪኩን መሃል ላይ ያቋርጡታል። የደርና ነገር የሚገባው ከመጀመሪያው ተነስቶ ሲታይ ነው።

ደረቅ ወንዝ ላይ የተመሠረቱ ሁለት ከተሞች

ደርና ያለችው በምሥራቅ ሊቢያ፣ በሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ ነው። ከጀርባዋ ጀበል አኽዳር የሚባል ከፍተኛ ቦታ አለ። ከዚያ የሚነሳው ዋዲ ደርና ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ ባሕር ይገባል። ዋዲ የሚባለው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሆኖ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚሞላ ወንዝ ነው።

ለድሬ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ደቻቱም እንዲሁ ነው። ከዚራን ከመጋላ ለይቶ በከተማዋ መሃል ያልፋል። በበጋ አሸዋው ላይ ሰው ይመላለሳል፣ ይነገድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውሃው የሚመጣው ከደንገጎ በኩል ካለው ከፍታ ነው። ከተማዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን፣ ተራራው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ቁልቁለት ላይ ውሃ ጊዜ አይሰጥም። ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይል፣ ላይ የጣለው ዝናብ ሌሊት ሰው በተኛበት ሊደርስ ይችላል። ደራሽ ጎርፍ የሚባለው ይህ ነው።

በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የ1998ቱ የድሬዳዋ ጎርፍ የመጣው ግድብ ፈርሶ አይደለም። ተራራው ላይ የጣለው ከባድ ዝናብ፣ የተራቆተው ዳገትና ወንዙ ዳር የተሠራው ቤት ተደማምረው ነው ያን ሁሉ ሰው የጨረሱት። ደርና ላይ ግን በዝናቡና በከተማዋ መካከል ሁለት ግድቦች ነበሩ።

ግድቦቹ የተሠሩት ለመልካም ነበር

ደርና ጎርፍን የምታውቀው ከድሮ ጀምሮ ነው። በ1941፣ በ1959 እና በ1968 እ.ኤ.አ. ከባድ ጎርፍ መቷታል። ግድብ ይሠራ የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ከ1973 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ አንድ የዩጎዝላቪያ ኩባንያ ሁለት ግድቦችን ሠራ።

የላይኛው አቡ መንሱር ይባላል። ከከተማዋ ወደ 13 ኪሎ ሜትር ርቆ የተሠራ፣ ወደ 75 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው ግድብ ነው። 22.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። የታችኛው አል ቢላድ ነው። ወደ 45 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ግድብ የሚይዘው 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ብቻ ሲሆን፣ የቆመው ከከተማዋ አናት ላይ ነበር። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ልብ ማለት ያስፈልጋል። የላይኛው ከታችኛው 15 እጥፍ ይይዛል። ስለዚህ የላይኛው ከፈረሰ፣ የታችኛው ሊያቆመው የሚችልበት መንገድ የለም። ሁለት ግድብ መኖሩ ሁለት መከታ ያለ ይመስላል እንጂ፣ በተግባር የከተማዋ ሕይወት የተንጠለጠለው በአንዱ ላይ ነበር።

ግድቦቹ ሥራቸውን አልሠሩም ማለት አይቻልም። በ1986 እ.ኤ.አ. የመጣውን ትልቅ ጎርፍ ይዘውታል። ጉዳት ቢደርስባቸውም ከተማዋ ተርፋለች። «ግድብ ምን ይጠቅማል» ለሚል ሰው መልሱ ይህ ነው።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግድብ ትንሹንና መካከለኛውን ጎርፍ ያስቀራል። ሰው ደግሞ ጎርፍ ካላየ ይረሳል። ዋዲው ደረቅ ሜዳ ይመስላል፤ ቤቱም ወደ ዳሩ ይጠጋል። ከ1986 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. 37 ዓመት ነው። በዚህ መካከል ተወልዶ፣ አግብቶ፣ ወንዙ ዳር ፎቅ የሠራ ሰው ጎርፍ የሚያውቀው በወሬ ብቻ ነበር። ግድቡ ይህን ሰው ከጎርፍ ጠብቆታል፣ ለጎርፍ ደግሞ አጋልጦታል።

የአፈር ግድብ እንዴት ይፈርሳል?

እኛ ዘንድ ግድብ ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ሕዳሴ ነው። የሕዳሴው ዋና ግድብ ግን 145 ሜትር ከፍታ ያለው የኮንክሪት ግድብ ነው። የደርናዎቹ ሌላ ዓይነት ናቸው። መሃላቸው የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ነው፤ ውሃ እንዳያልፍ የሚያግደው እሱ ነው። ግራና ቀኙ ደግሞ ድንጋይ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ይህ አሠራር በዓለም ላይ በጣም የተለመደ ነው። ርካሽ ነው፣ በአግባቡ ከተያዘም ዘመን ይሻገራል። መጥፎ ግድብ ስለሆነ ፈረሰ የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም።

እንዲህ ያለ ግድብ ግን የማይችለው ነገር አለ። ውሃ በአናቱ ላይ መፍሰስ የለበትም። የኮንክሪት ግድብ ውሃ በላዩ ቢያልፍ ለተወሰነ ጊዜ ሊቋቋም ይችላል። የአፈርና የድንጋይ ግድብ ግን ክዳኑ እንደተነሳ የጭቃ ቤት ነው። ውሃው በጀርባው በኩል ሲወርድ ድንጋዩን ያንሸራትታል፣ አፈሩን ይቦረቡራል፣ ቦዩን እያሰፋ ይሄዳል። አንዴ ከተከፈተ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል።

ለዚህ ነው ማንኛውም ግድብ ማስተንፈሻ የሚሠራለት። ማስተንፈሻ ማለት ሐይቁ ሲሞላ ትርፉ ውሃ ግድቡን ሳይነካ የሚወጣበት መንገድ ነው። መጠኑ የሚወሰነው «ሊመጣ የሚችለው ትልቁ ጎርፍ ስንት ነው?» ተብሎ ነው። ያ ስሌት የተሠራው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በነበረው መረጃ ከሆነ፣ በየጊዜው እንደገና መታየት አለበት። ደለል ደግሞ አለ። ጎርፍ ይዞት የሚመጣው አፈር ከግድቡ ኋላ እየተከማቸ የውሃውን ቦታ ይይዛል። ወረቀት ላይ 22.5 ሚሊዮን የሚይዝ ግድብ ከአርባ ዓመት በኋላም ያንኑ ያህል ይይዛል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

ሁለተኛው የአፈር ግድብ ጠላት ከውስጥ የሚጀምር ነው። ሸክላው ቢሰነጠቅ ውሃው ቀጭን መንገድ ያገኛል። አፈር ይዞ ይወጣል። መንገዱ ይሰፋል። ይህ ከውጭ ሳይታይ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ግድቡ በየጊዜው የሚለካውና የሚያየው ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ማስጠንቀቂያው ነበር

የደርናን ታሪክ ከሐዘን አልፎ የሚያስቆጣ የሚያደርገው ይህኛው ክፍል ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. በተደረገ ጥናት ግድቦቹ ላይ ስንጥቅ ተገኝቷል። በ2007 እ.ኤ.አ. ለአንድ የቱርክ ኩባንያ የጥገና ሥራ ተሰጠ። በክፍያ መጓተት ምክንያት ሥራው የተጀመረው በ2010 ነው። ወራት ሳይቆይ የ2011ዱ አመፅ መጣና ኩባንያው ጥሎ ወጣ። ከዚያ ተመልሶ አልመጣም።

በ2012 እና በ2013 እ.ኤ.አ. ለግድቦቹ ጥገና ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተመድቦ ነበር። ሆኖም ጥገናው እንዳልተደረገ የራሷ የሊቢያ መንግሥት ኦዲት ተቋም በ2021 ጽፏል። በ2022 ደግሞ አብዱልዋኒስ አሹር የተባሉ የሊቢያ የውሃ ምሕንድስና ምሁር ጥናት አሳተሙ። ግድቦቹ በአፋጣኝ ካልተጠገኑና ከባድ ጎርፍ ከመጣ በዋዲው ዳር ለሚኖረው ሕዝብ መዓት እንደሚሆን አስጠነቀቁ። አንድ ዓመት አልሞላም።

ከአመፁ በኋላ አገሪቱ ለሁለት መንግሥት ተከፍላ ነበር። ደርና ራሷ የጦርነት አውድማ ሆና፣ በታጣቂዎች እጅ ወድቃ፣ ተከብባ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ ግድብ የሚያስታውስ አይገኝም። ሆኖም ጦርነቱን ብቻ ሰበብ ማድረግ ልክ አይመስለኝም። ስንጥቁ ታየ የተባለው ከአመፁ 13 ዓመት በፊት ነው። አገሪቱ አንድ መንግሥትና የነዳጅ ገንዘብ በነበራት ጊዜም ጥገናው ተጓቷል።

ጳጉሜን 5 ለ6 ሌሊት

ዳንኤል የተባለው አውሎ ነፋስ መጀመሪያ ግሪክን አጥለቀለቀ። ከዚያ ባሕሩን ተሻግሮ ጳጉሜን 5 ቀን ምሥራቅ ሊቢያ ደረሰ። ከደርና በስተ ምዕራብ ባለችው አል በይዳ በ24 ሰዓት 414 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተለካ። ድሬዳዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ወደ 600 ሚሊ ሜትር ነው። በግምት የድሬን የስምንት ወር ዝናብ በአንድ ቀን ማለት ነው።

የሊቢያ ሜትሮሎጂ ማዕከል ዝም አላለም። ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ አስጠንቅቋል። ግን ማስጠንቀቂያው ስለ ነፋስና ስለ ዝናብ እንጂ ስለ አሮጌዎቹ ግድቦች አልነበረም። መሬት ላይ ደግሞ ትእዛዙ ተምታታ። አንዱ አካል «አካባቢውን ልቀቁ» ሲል፣ ሌላው የሰዓት እላፊ አውጆ «ከቤት እንዳትወጡ» አለ። ብዙ ሰው ቤቱ ቀረ።

ከሌሊቱ 8 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ አቡ መንሱር ፈረሰ። ውሃው ቀጥሎ አል ቢላድን ጠረገው። ከዚያ በኋላ በመንገዱ ላይ ከተማው ብቻ ነበር። ሁለቱን ወገን የሚያገናኙት ድልድዮች ተነቀሉ። ፎቆች ከነሰዎቻቸው ወደ ባሕር ገቡ። ሞታቸው የተመዘገበው ወደ 6 ሺህ ይጠጋሉ። ከ8 ሺህ በላይ ሰዎች ደግሞ የገቡበት አልታወቀም። ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ላላት ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከድሬ ቀበሌዎች አንዱ ሙሉ በሙሉ ጠፋ እንደማለት ነው።

ጥፋቱ የዝናቡ ነው ወይስ የሰው?

እዚህ ላይ ባለሙያዎች ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን ዝናቡን ያስቀድማል። ወርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ስብስብ ከአደጋው በኋላ ባወጣው ትንታኔ፣ የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለ ዝናብ በሊቢያ የመከሰት ዕድሉን እስከ 50 እጥፍ፣ ብርታቱን ደግሞ እስከ 50 በመቶ ከፍ አድርጎታል ብሏል። በዚህ እይታ ግድቦቹ ቢጠገኑም እንኳ ከታሰበላቸው በላይ የሆነ ውሃ ነው የመጣባቸው።

ሌላው ወገን ግን ጉዳዩን ወደ ሰው ይመልሰዋል። የተጠገነ ግድብ ቢፈርስ እንኳ ቆይቶ ይፈርሳል፤ ሰው የሚያመልጥበት ሰዓት ይገኛል ይላል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ከዚህም ያልፋሉ። ግድቦቹ ጨርሶ ባይኖሩ ኖሮ ጎርፉ ከባድ ቢሆንም እንዲህ ያለ እልቂት አያደርስም ነበር ብለው ይሞግታሉ። ምክንያቱም ቀስ በቀስ ይወርድ የነበረ ውሃ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ነው የተለቀቀው። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት የወቅቱ ዋና ጸሐፊ ፔተሪ ታላስ በበኩላቸው፣ በአግባቡ የሚሠራ የማስጠንቀቂያ አገልግሎት ቢኖር አብዛኛው ሕይወት ይተርፍ ነበር ብለዋል።

በእኔ ግምት ሁለተኛው ወገን ሚዛን ይደፋል። ዝናቡ ማንም ሊያስቀረው የማይችል ነገር ነበር። ስንጥቁ፣ ያልተሠራበት በጀትና የተምታታው ትእዛዝ ግን ሰው የሠራቸው ናቸው። የሊቢያ ፍርድ ቤትም ያየው እነዚህን ነው። በሐምሌ 2016 የደርና ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት 12 ባለሥልጣናትን ጥፋተኛ ብሎ ከ9 እስከ 27 ዓመት እስራት ፈርዶባቸዋል።

ግድብ የሌለበት «የግድብ አደጋ»

ሌላ ብዙ ያልተወራለት ታሪክ አለ። በሚያዝያ 2016 ኬንያ ውስጥ ማይ ማሂዩ በተባለ ቦታ ሌሊት ውሃ መጥቶ ከ45 በላይ ሰው ገደለ። የመጀመሪያው ዜና «ግድብ ፈረሰ» የሚል ነበር። በኋላ መንግሥት እዚያ ግድብ እንዳልነበረ ተናገረ። የተደፈነው ከባቡር ሐዲድ ሥር ያለ የውሃ ማሳለፊያ ነበር። ግንድ፣ ድንጋይና ጭቃ አፉን ዘጋው። ውሃው ከሐዲዱ ኋላ ተጠራቀመ። በመጨረሻ ጥሶ ወጣ።

ይህ ለድሬ ከደርናም ይቀርባል። የባቡር ከተማ ነች። ድልድዮች አሏት፣ በየመንገዱ ሥር ቱቦዎች አሏት። ደቻቱም ሆነ ጎሮ ወንዝ ሲሞሉ አሸዋ ብቻ አይደለም ይዘው የሚመጡት። ዛፍ ነቅለው፣ ቆሻሻ ሰብስበው ነው። ድልድይ ሥር አንድ ግንድ ተጋድሞ ሌላው ከተደገፈበት፣ ማንም ሳያቅድ ግድብ ተሠራ ማለት ነው። ስለዚህ የድልድይ ሥር ጽዳትን ከጎርፍ መከላከል ለይቶ የማዘጋጃ ቤት ተራ ሥራ አድርጎ ማየት ስህተት ነው።

ታዲያ ደቻቱ ይገደብ?

ይገደብ የሚሉት ጠንካራ ምክንያት አላቸው። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ዝናቡ በጎርፍ መልክ አልፎ ሰሜን ባለው ሜዳ አሸዋ ውስጥ ሲጠፋ ማየት ያስቆጫል። ቢያዝ ጎርፉም ይቀንሳል፣ ጉድጓዶቹም ይታደሳሉ።

የሚጠራጠሩት ደግሞ ደለሉን ያነሳሉ። ከተራቆተ ዳገት የሚወርድ ውሃ ግማሹ አፈር ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም። የሐረማያ ሐይቅ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ውሃው ከመጠን በላይ ተቀድቶ፣ ደለል ሞልቶት፣ በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ዓይናችን እያየ ደርቆ ነበር። ደቻቱ ላይ የሚሠራ ትልቅ ግድብም ላዩ ካልታከመ በደለል መሞላቱ አይቀርም። በደለል የተሞላ ግድብ ደግሞ ጎርፍ የሚይዝበት ቦታ የለውም፤ አናቱ ላይ ሊፈስበት የሚችለው ያኔ ነው።

መሃል ላይ የሚገኙ አማራጮች አሉ። አንዱ ከሥሩ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ግድብ ነው። ውሃ አያከማችም፤ ጎርፉን አዘግይቶ፣ ቀንሶ ይለቀዋል። ሌላው በየሸለቆው የሚሠሩ ትንንሽ ክትሮች፣ ጋቢዮኖች (በሽቦ መረብ የታሰሩ የድንጋይ ካቦች) እና እርከኖች ናቸው። አንዱ ቢፈርስ ከተማ አይጠፋም። ከ1998 ወዲህ ላይኛው ተፋሰስ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ተሠርቷል፤ ከተማ ውስጥም በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ቆሟል። ጠቅሟል። ግን በሚያዝያ 2012 የመጣው ጎርፍ እንደገና ሕይወት ቀጥፏል። ግንቡ ራሱ ደግሞ የደርናን ግድብ ባሕርይ ይጋራል። ጀርባው የተኛ ሰው ደኅና የሆነ ይመስለዋል። ግንቡ ሥሩ ሲሸረሸር በየዓመቱ የሚያየው ሰው ማን ነው? በጀቱስ በየትኛው መሥሪያ ቤት ስም ነው የተያዘው? አዲስ ግድብ ይሠራ ከማለታችን በፊት ያለውን ግንብ በተመለከተ የእነዚህን መልስ ማወቅ አለብን።

የሌሊቱ ትእዛዝ

የደቻቱ ተፋሰስ ላይኛው ክፍል ከድሬዳዋ አስተዳደር ወሰን ያልፋል። ወደ ኦሮሚያ ምሥራቅ ሐረርጌ ይገባል። ዝናቡን መጀመሪያ የሚያየው ገበሬ የሚኖረው በአንድ አስተዳደር ሥር ነው። ጎርፉ የሚደርስበት ነጋዴ በሌላው ሥር ነው። እርከኑን የሚሠራው አንዱ፣ ከእርከኑ የሚጠቀመው ሌላው ነው። ይህ ክፍተት የሚዘጋው በግለሰቦች በጎ ፈቃድ ሳይሆን በጽሑፍ በሰፈረ ስምምነት ነው። ላይ ያለው ታዛቢ ውሃው ከዚህ ምልክት ሲያልፍ ለማን እንደሚደውል፣ ሌሊት 8 ሰዓት ስልኩን የሚያነሳው ማን እንደሆነ፣ «ውጡ» የማለት ሥልጣን ያለው አንድ አካል የትኛው እንደሆነ በስም መታወቅ አለበት። «ውጡ» የተባለው ሰው የት እንደሚሄድም እንዲሁ። ቀፊራ ገበያ አጠገብ ያለው ነዋሪ በየትኛው መንገድ ወደ ከፍታ እንደሚወጣ በበጋ፣ በቀን፣ ወንዙ ደረቅ ሳለ በእግሩ ሄዶ ሊለማመደው ይገባል።